ወለሉ እናትን ያሙቅ፤ እናት ልጇን ታሙቅ

በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር



የማኅበሩ አስተባባሪዎች «ከሥራሽ አንድ ነገር አካፍይን» ሲሉኝ ስለ አዲስ መድኃኒት ወይም ስለ አዲስ መሣሪያ የማወራ ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወለል ነው። አዎ፣ ስለምንረግጠው ወለል። ከውጭ በእንጨት የሞቀ ውሃ በወለሉ ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ እየዞረ ቤቱን ከታች ወደ ላይ የሚያሞቅበት፣ እንጨቱ ሲጎድል ደግሞ መብራት የሚያግዝበት ወለል። «ሐኪም ናት ወይስ ቧንቧ ሠራተኛ?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ወደ ሕክምናው እመለሳለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመርሳ ነው። የምሠራው ደግሞ ከዚያ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በወልድያ ነው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከመርሳ ተነስታችሁ በስሪንቃ አድርጋችሁ ወልድያ ስትደርሱ አየሩ ይለወጣል። መርሳ የብርቱካንና የማንጎ አገር ናት፤ ሰው ብርድ አለ ብሎ አያስብም። ወልድያ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ ታስደርባለች። ከወልድያ ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ በድልብ በኩል ሽቅብ ከወጣችሁማ፣ ወይም ወደ ጊዳንና ወደ መቄት ካለፋችሁ፣ ብርዱ የሌላ አገር ነው። እኛ ጋ የሚመጡት እናቶች ከነዚህ ሁሉ ቦታዎች ነው የሚመጡት።

አሁን ወደ ሕክምናው ልግባ። የጨቅላ ሕፃን ጤናማ የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ36.5 በታች ሲወርድ ብርድ ይዞታል እንላለን፤ ከ32 በታች ከሆነ ሕይወቱ በአንዲት ክር ላይ ተንጠልጥላለች። የዓለም ጤና ድርጅት የማዋለጃ ክፍል ቢያንስ 25 ዲግሪ ይሁን የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ይኸው ድርጅት ለባለሙያዎች በሚያስተምርበት ጽሑፍ ውስጥ አንድ ንጽጽር አለ፤ እኔ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። 23 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ራቁቱንና እርጥብ ሆኖ የተኛ ጨቅላ የሚያጣው ሙቀት፣ አንድ ትልቅ ሰው በ0 ዲግሪ ራቁቱን ቢቆም ከሚያጣው ጋር እኩል ነው። 23 ዲግሪ ማለት እኮ ለእኛ የመርሳ ደስ የሚል ምሽት ነው! አዋላጇ እጅጌዋን ሰብስባ «ዛሬስ ይሞቃል» በምትልበት ክፍል ውስጥ ሕፃኑ በረዶ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ስለዚህ ብርድ የደጋ በሽታ ብቻ አይደለም። ቆላ ያለው ባለሙያ እንዲያውም የበለጠ ይዘናጋል።

ሕፃን ሙቀት የሚያጣበትን አራት መንገድ ሁላችንም ሸምድደን ተፈትነንበታል። ከገላው በሚተን እርጥበት፣ ከቀዝቃዛ ነገር ጋር በመነካካት፣ በሚነፍስ አየር፣ እንዲሁም ዙሪያውን ወዳሉት ቀዝቃዛ ግድግዳዎች በሚፈነጥቀው ሙቀት። የመጨረሻውን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ሕፃኑን ጠቅልለን፣ በሩን ዘግተን፣ ግን የብሎኬት ግድግዳውና የቆርቆሮ ጣሪያው ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱን ሲመጡት ያድራሉ። የበረደው ሕፃን ኦክስጅንና ስኳር ያቃጥላል፣ ጡት ለመሳብ አቅም ያጣል፣ ኢንፌክሽን ይበረታበታል። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በሞት የምስክር ወረቀት ላይ «ብርድ» ተብሎ አይጻፍም፤ ያለጊዜው መወለድ፣ መታፈን፣ ኢንፌክሽን ተብሎ ይጻፋል። ብርድ ግን ከነዚህ ከሦስቱም ጀርባ ተደብቆ ይገኛል።

ወገኖቼ፣ እናቶቻችን ይህን አያውቁም እንዳትሉ። ያውቃሉ። አራስ ቤት እሳት የማይጠፋው ለዚህ ነው። በእኛ በወሎ የወይባ ጭስ የምትሞቅ ሴት ታውቁ የለም? ወለሉ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ እንጨቱ እዚያ ውስጥ እየጤሰ፣ ሴትዮዋ በላዩ ተከናንባ ትቀመጣለች። ልብ በሉ፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከወለሉ ነው። ሮማውያን የጋለ ጭስ ከወለል በታች አሳልፈው መታጠቢያ ቤታቸውን ያሞቁ ነበር፤ ኮርያውያን «ኦንዶል» በሚሉት ዘዴ የማድ ቤታቸውን ጭስ በመኝታ ቤታቸው ወለል ሥር አሳልፈው ለብዙ ዘመን ኖረውበታል። ሙቀት ከእግር ሲጀምር ሰውነት እንደሚፈታ እኛም እነሱም እናውቅ ነበር። ልዩነቱ እነሱ ጭሱን ከሰው ለይተውታል፤ እኛ ግን ከሙቀቱ ጋር ጭሱንም አብረን ስንምግ ኖረናል።

ጭሱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። የእንጨት ጭስ የእናትንም የሕፃንንም ሳንባ ይጎዳል። ጭስ የለውም ብለን የምንተማመንበት ከሰል ደግሞ ይብሳል። ማታ ብርድ ሲሆን ማንደጃው ይገባል፣ በር ይዘጋል፣ ለንፋስ መግቢያ የተተወችው ቀዳዳ በጨርቅ ትወተፋለች። በእኔ የሥራ ዘመን በዚህ ምክንያት ተሸክመው ካመጧቸው ቤተሰቦች መካከል አንዳንዶቹን መልሰን ሸኝተናቸዋል፣ አንዳንዶቹን አልቻልንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሄሞግሎቢን ጋር የሚያያዝበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ፅንሱ ከእሷ ይበልጥ ይጎዳል፤ ከደሙም ቶሎ አይወጣለትም። ወጣት ሐኪሞች ካላችሁ ይህቺን ያዙልኝ፦ ጣት ላይ የምናደርገው የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ ያታልላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የያዘ መስሎት 98 በመቶ ሊያሳያችሁ ይችላል። በቁጥሩ አትረጋጉ፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መፍዘዝ ካለና ቤቱ ውስጥ ከሰል ካደረ ቶሎ ሙሉ ኦክስጅን ስጡ። ቤተሰብም ሎሚ ከማሽተትና ወተት ከመጋት በፊት ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ያውጣ።

«ታዲያ መብራት አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። የጨቅላ ማሞቂያ አለ፣ ኢንኩቤተር አለ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ማሞቂያም አለ። ሁሉም ግን በአንድ ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ገመዱ ሲበጠስ ሁሉም በአንዴ ይሞታሉ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ ውስጥ በነበረችባቸው ወራት ሕዝቡ ያለ መብራት፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ባንክ ከርሟል። ሴቶች ግን መውለዳቸውን አላቆሙም። መብራት የሌለው የጨቅላ ማሞቂያ ጠረጴዛ ነው፤ መብራት የሌለው ኢንኩቤተር የመስተዋት ሣጥን ነው። ጦርነቱ ይቅርና በአዘቦቱም ቀን መብራት ሄዶ የሚያድርባቸው ሌሊቶች ጥቂት አይደሉም።

በዚያ ሁሉ መካከል የማይጠፋው ማሞቂያ የእናት ደረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ኢንኩቤተር ያነሳቸው ሐኪሞች የጀመሩት የካንጋሮ እንክብካቤ ዛሬ በዓለም ላይ ተቀባይነት ያገኘ ሕክምና ነው። በእኛም አገር ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር በአዲስ አበባ አጥንተውት እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመውታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ያካሄደው ጥናት፣ ክብደታቸው ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ የሆኑ ሕፃናት እስኪረጋጉ ሳይጠበቅ ከተወለዱ ጀምሮ ገላ ለገላ ከእናታቸው ጋር ሲሆኑ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት በ25 በመቶ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ውጤት የሚሰጥ መድኃኒት ቢመጣ ኖሮ ተሰልፈን እንገዛው ነበር።

ታዲያ ለምን በደንብ አይሠራልንም? መልሱን የነገረችኝ አንዲት አያት ናት። ከደጋ የመጣች የልጅ ልጇ ከሁለት ኪሎ በታች ሆኖ ተወልዷል። ጥር ነው፣ ሌሊት ነው። እናቲቱን «ደረትሽን ክፈቺ፣ ልጁን ገላሽ ላይ አድርጊ» አልኳት። እሺ አለች፤ ዞር ስል ግን መልሳ ተከናንባ ልጁን ጠቅልላ ጎኗ አስተኛችው። እንደገና ነገርኳት፤ እንደገና ተከናነበች። አያቲቱ ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና «አንቺ ልጄ፣ አንቺ ሹራብ ደርበሽ እሷን አራሷን በዚህ ብርድ ደረትሽን ክፈቺ ትያታለሽ? መጀመሪያ እሷን አሙቂያት እንጂ» አለችኝ።

የዛሬው ንግግሬ ጠቅላላ ሐሳብ ይኸው ነው። አያቲቱ ልክ ናት። ሕፃኑን የሚያሞቀው የእናት ገላ ነው፤ እናት ገላዋን እንድትገልጥ ግን ክፍሉ መሞቅ አለበት። እኛ ስለ ካንጋሮ እንክብካቤ ፖስተር ለጥፈን፣ ክፍሉን ግን እንደ ምድር ቤት አቀዝቅዘን፣ ከዚያ «እናቶች አይተባበሩም» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን።

ወለሉ የመጣው ከዚህ ነው። ወንድሜ የቧንቧና የግንባታ ባለሙያ ነው። ባለቤቱ በጥር እንደምትወልድ ሲታወቅ ወልድያ ባለው ቤታቸው አንድ ክፍል ለአራስ እናዘጋጅ ተባባልን። 4 በ4 ሜትር የሆነ፣ 16 ካሬ ሜትር ክፍል። እሳቱ ውጭ ይሁን፣ ሙቀቱ ብቻ ይግባ አልን። አሠራሩን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ከመካከላችሁ መሐንዲስ ያገባ ወይም የወለደ አይጠፋምና ይርዳችሁ።

መጀመሪያ ወለሉን አልነካንም፤ ጣሪያውን ነው የነካነው። ቆርቆሮ ብቻ ያለው ቤት ምንም ብታነዱበት ሰማይ ነው የምታሞቁት። ኮርኒስ ገባ፤ በላዩም ሙቀት የሚይዝ ነገር ተነጠፈበት። የበሩና የመስኮቱ ክፍተት ተዘጋ። እሳቱ ውጭ ስለሆነ በር ቢዘጋ የሚያሰጋ ጋዝ የለም፤ ከሰል ላለበት ቤት ግን ይህን ምክር እንዳትሰጡ። በዚህ መልክ የተያዘ ክፍል በብርድ ሌሊት በግምት 1 ኪሎ ዋት ሙቀት ይበቃዋል፤ በካሬ ሜትር 60 ዋት ገደማ ማለት ነው። ያልተያዘ ከሆነ የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ወለሉ። አፈሩ ተጠቀጠቀ፣ እርጥበት እንዳይወጣ ላስቲክ ተነጠፈ፣ በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም ተደረገ። ፎሙ ከሌለ ሙቀቱ ቁልቁል ወደ መሬት ይሄዳል፤ ወልድያን ሁሉ ማሞቅ አንችልም። በግድግዳው ጠርዝ ዙሪያም ቀጭን ፎም ቆመ። ከዚያ የሽቦ መረብ፣ በመረቡ ላይ ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለሙቅ ውሃ የተሠራ የፕላስቲክ ቧንቧ፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ታሰረ። 16 ካሬ ሜትር በዚህ ርቀት 80 ሜትር ያህል ቧንቧ ይበላል፤ አንድ ጥቅል ያለ መገጣጠሚያ ይበቃል። ከሲሚንቶ በታች መገጣጠሚያ አይደረግም። ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ቧንቧው በውሃ ግፊት ተፈትኖ አደረ፤ ግፊቱን እንደያዘም 7 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ተሞላበት። ሙቅ ውሃ የተለቀቀበት ከሦስት ሳምንት በላይ ከደረቀ በኋላ፣ ያውም በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ነው። ቸኩሎ ማሞቅ ወለሉን ይሰነጥቀዋል።

እሳቱ ከቤቱ ውጭ በመጠለያ ሥር ነው። በያጅ ከወፍራም ላሜራ የሠራው ምድጃ፣ በውስጡ ውሃ የሚዞርበት፣ የጭስ ማውጫው ከጣሪያው በላይ የሚደርስ። ከምድጃው ከፍ ብሎ 300 ሊትር የሚይዝ፣ ዙሪያውን በሙቀት መከላከያ የተሸፈነ ታንከር ተቀመጠ። ከፍ ብሎ የተቀመጠው በምክንያት ነው። ሙቅ ውሃ ቀለል ስለሚል ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ በምድጃውና በታንከሩ መካከል ፓምፕ አያስፈልግም። መብራት ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ እሳት ግን የለውም። እንጨቱ እየነደደ መብራት ቢሄድና ፓምፑ ቢቆም ሙቀቱ የሚሄድበት ቦታ ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ ውሃው ይፈላል፣ የተዘጋ ዕቃ ከሆነም ይፈነዳል። ለዚህ ሲባል ታንከሩ ወደ አየር የሚተነፍስበት ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ቧንቧ አለው። በያጅ አግኝታችሁ ልታሠሩ ካሰባችሁ ይህቺን ነገር እንዳትደራደሩባት።

ከታንከሩ ወደ ወለሉ የሚወስደው ግን ትንሽ ፓምፕ ነው፤ 45 ዋት ገደማ። ሌሊቱን 10 ሰዓት ቢሠራ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። አንድ መካከለኛ ባትሪና የፀሐይ ሰሌዳ ይሸከመዋል። ታንከሩ 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ወለሉ ውስጥ የሚገባው ውሃ ግን ከ45 ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ሙቁን ከተመለሰው ቀዝቃዛ ጋር የሚቀላቅል ቫልቭ በመካከል አለ። የወለሉ ገጽ ከ29 ዲግሪ እንዳያልፍ ይመከራል፤ ከዚያ በላይ እግርን ያሳብጣል፣ ሰውንም ያሰለቻል።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱት። 300 ሊትር ውሃ ከ70 ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ክፍሉ የሚፈልገው በሰዓት 1 ከሆነ፣ አመሻሽ ላይ የሞቀው ታንከር ብቻውን 10 ሰዓት ያቆየናል ማለት ነው። ኮንክሪቱ ደግሞ የራሱ ስንቅ አለው፤ አንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይመልሳል። በደንብ የደረቀ እንጨት በኪሎ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ አለው፤ ግማሹ ውሃው ውስጥ ቢገባልን 5 ወይም 6 ኪሎ ፍልጥ ለአንድ ሌሊት ይበቃል። ማታ አንድ ጊዜ ይነድዳል፣ ከዚያ እሳቱ ይሞታል፣ ሰውም ይተኛል። አራስ ቤት ሌሊቱን ሙሉ እሳት የምትቆሰቁስ ሴት አያስፈልግም።

«በደንብ የደረቀ» ያልኩትን ልብ በሉልኝ። ዛሬ ተቆርጦ ዛሬ የሚነድ ባሕር ዛፍ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ውሃ ነው፤ ሙቀቱ የሚያልቀው ያንን ውሃ በማትነን ነው፤ ጭሱም ሬንጁም የሚመጣው ከዚያ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በጥቅምት ተፈልጦ፣ ከዝናብ ተጠልሎ፣ ነፋስ እያገኘ እስከ በጋው መጨረሻ የቆየ እንጨት ሌላ ነገር ነው። እንጨት የሚያመጣው ደግሞ የሴት ጀርባ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ለማገዶ ተብሎ ዋርካና ጽድ አይቆረጥም። ከመርሳ የፍራፍሬ ማሳዎች የሚገረዝ ቅርንጫፍ አለ፣ ከእንጨት ሥራ ቤቶች የሚጣል ቁርጥራጭ አለ፣ ተቆርጦ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ አለ።

መብራቱስ? መብራቱ ተጠባባቂ ነው። በታንከሩ ውስጥ የቤት ቦይለር ላይ የምታውቁት ዓይነት ባለ 2 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ተገጥሟል፤ የራሱ ብሬከርና ወደ መሬት የሚወርድ የኧርዝ ሽቦ አለው። ቴርሞስታቱ 40 ላይ ነው የተደረገው። ታንከሩ ከ40 በታች ሲወርድ ብቻ ይነሳል። ከፍ ካደረጋችሁት መብራቱ የእንጨቱን ሥራ ይቀማና የወሩ ሒሳብ ያስደነግጣችኋል። እንጨት ያነሰበት ቀን፣ አንዳጁ የታመመ ቀን፣ ሁሉም ለቅሶ የሄደበት ቀን መብራቱ ቤቱን ይዞ ያድራል። መብራት የሄደ ቀን ደግሞ እንጨቱ። ሁለቱ በአንድ ምክንያት አይጠፉም፤ ተጠባባቂ የሚባለውም ለዚህ ነው። ኢንኩቤተር በጠፋ ጊዜ የግድግዳ ማሞቂያ አለን ማለት ተጠባባቂ አይደለም፤ ሁለቱም ያው አንድ ገመድ ናቸው።

ባለፈው ይህን ነገር ለአንድ ጓደኛችን ስነግረው «ሕዳሴ ተመርቆ አንቺ እንጨት ታነጃለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ልክ ነው፤ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ደስ ብሎናል። ኃይሉ ግን ወልድያ የሚደርሰው በምሰሶና በገመድ ነው፤ ምሰሶም ይወድቃል። የዚህ ወለል ጥሩነቱ ማን እንዳሞቀው አይጠይቅም። መብራቱ አስተማማኝ የሆነ ዕለት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ መብራቱ ዋና፣ እንጨቱ ተጠባባቂ ይሆናል። ታንከሩም ቧንቧውም ያው ነው።

የማይችለውንም ልንገራችሁ፤ ሻጭ አይደለሁምና። አንደኛ፣ ወለል ቀርፋፋ ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ ከቆየ ለመሞቅ ሰዓታት ይፈልጋል። ምጥ ይዟት ሮጣ ለመጣች እናት አሁን ልለኩስ ብትሉ አይደርስላትም። ስለዚህ ቦታው ሰው ቀን ከሌት የሚተኛበት ነው፤ የአራስ ክፍል፣ የካንጋሮ ክፍል፣ ከገጠር የመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸውን የሚጠብቁበት የእናቶች ማቆያ። ሁለተኛ፣ በተሠራ ቤት ላይ ወለል ቆፍሮ መሥራት ብዙ ወጪ ነው፤ ርካሹ ጊዜ ቤቱ ሲሠራ ወይም ሲታደስ ነው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ወለሉ ሕፃኑን አያሞቅም። እንዳትሳሳቱ! 29 ዲግሪ ለእግራችን ሞቅ ያለ ነው፤ 37 ዲግሪ ሆኖ ለሚኖር እርጥብ ጨቅላ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሕፃን ወለል ላይ አይተኛም። ወዲያው ይደረቃል፣ ኮፍያ ይደረግለታል፣ እናቱ ደረት ላይ ይሆናል፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላው አይታጠብም። የወለሉ ሥራ እናቲቱ ሳትንቀጠቀጥ ይህን ሁሉ እንድታደርግ መፍቀድ ነው።

ያች የወንድሜ ባለቤት በጥር ወለደች። ልጁ ደህና ክብደት ነበረው፤ ስለዚህ ወለሉ ሕይወት አዳነ ብዬ አልነግራችሁም። ያየሁትን ግን እነግራችኋለሁ። ለአራስ ጥየቃ የሄድኩ ዕለት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ውጭው እየበረደ፣ እሷ ነጠላዋን ብቻ ጣል አድርጋ ልጁን ገላዋ ላይ አስተኝታ ገንፎዋን ትበላ ነበር። ማንም አላዘዛትም። እናቴ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ ዘርግታ «ይኼ ነገር ጭሱን የት አደረገው?» እያለች በየማዕዘኑ ትፈልጋለች። ቤቱ ውስጥ አንድም የሚያስለቅስ ዓይን አልነበረም።

ይህን ለእናንተ የማወራው የት እንደተማርን ስለማውቅ ነው። ትምህርት ቤታችን ጎንደር በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒተሪያኑን በአንድ ቡድን ነበር ያሠለጠነው። ሐኪም የመጣው በኋላ ነው። ሳኒተሪያኑ ውሃውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ቤቱን ያያል፤ ነርሷ እናቲቱን ታያለች። እኛ ሐኪሞች ከዚያ በኋላ ስንመጣ ቤቱን ማየት ቀስ በቀስ ለሌላ ሰው ተውነው። ጨቅላው በበረደበት ሌሊት ግን የጣሪያው ኮርኒስ የሕክምና ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ከዚህ ስትመለሱ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በምትሠሩበት ማዋለጃና የአራስ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ የክፍል ሙቀት መለኪያ ስቀሉ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይም ስንት እንደሆነ የተረኛዋ መዝገብ ላይ ይጻፍ። ቁጥሩ ከ25 በታች ከሆነ ከጣሪያው ጀምሩ። አዲስ የአራስ ክፍል ወይም የእናቶች ማቆያ የሚሠራበት ቦታ ካለ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ጥሩኝ፤ ወንድሜን ይዤ እመጣለሁ። ሥዕሉንም ስሌቱንም አዘጋጅተናል፤ ለጠየቀን ሁሉ በነፃ እንሰጣለን።